«ዒላማውን መምራት» ወይስ «ቀድሞ መያዝ»? ስለ አደን ተኵስ ቃላት አተረጓጐም የቀረበ ሒስ

የሙያ ቃላት አወጣጥ ሲነሣ ብዙ ጊዜ በሐሳባችን የሚመጣው የሐኪሙ፣ የመሐንዲሱና የሕግ ባለሙያው ቋንቋ ነው። የአዳኙና የተኳሹ ቋንቋ እምብዛም አይታሰብም፤ በዚህ በኩል አማርኛ ከጥንት ጀምሮ ሀብታም ስለ ሆነ የሚጐድለው ነገር የለም ተብሎ ይገመታልና። ግምቱ ከእውነት የራቀ አይደለም። ይሁን እንጂ ሀብት መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ በተርጓሚው እጅ እንዴት እንደሚመነዘር መታየት አለበት።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነን ሰሞኑን ለአስተያየት የቀረበልን አንድ የትርጉም ረቂቅ ነው። ረቂቁ ከእንግሊዝኛ የተመለሰ የአደን መመሪያ ሲሆን፣ የሚያስተምረውም መነጽር በተገጠመለት ባለ ሁለት አፍ ጠመንጃ የሚሮጥ ዒላማ የመምታትን ልምምድ ነው። የተርጓሚውን ስም መጥቀስ ለጉዳያችን ስለማይረባ እናልፈዋለን፤ ደግሞም ዐረፍተ ነገሩ የተስተካከለ፣ ሥርዐተ ነጥቡ የተጠበቀ፣ በትጋት የተሠራ ጽሑፍ መሆኑን አስቀድመን ልንመሰክርለት ይገባል። ጥፋቱ ከትጋት ማነስ የመጣ አይደለም። ተርጓሚው እያንዳንዱን የእንግሊዝኛ ቃል ለብቻው ነጥሎ፣ ለእያንዳንዱ አንድ የአማርኛ አቻ ፈልጎ፣ ያገኘውን በቦታው ተክቷል። ቃል ግን ቤተ ዘመድ አለው፤ ከዘመዱ ተለይቶ የተወሰደ ቃል በሌላው ቤት እንግዳ ሆኖ ይቀራል።

አንባቢዎቻችን ቋንቋ ዐዋቂዎችና ተርጓሚዎች እንጂ አዳኞች ስላልሆኑ፣ ስለ መሣሪያው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ባለ ሁለት አፍ የአደን ጠመንጃ ሁለት አፈሙዞች ጐን ለጐን ወይም አንዱ በሌላው ላይ ተጋጥመው የተሠሩበት፣ ከወገቡ ታጥፎ የሚከፈት፣ ብዙውን ጊዜም ለያንዳንዱ አፍ የየራሱ ቃታ ያለው መሣሪያ ነው። ዋና ጥቅሙ ሁለተኛው ጥይት ነው፤ ተኳሹ እንደ ገና ማቀባበል ሳያስፈልገው፣ ጣቱን ከአንዱ ቃታ ወደ ሌላው በማሻገር ብቻ ይደግማል። በ19ኛው ምእት ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በእንግሊዝ ጠመንጃ ሠሪዎች እጅ ከፍ ካለ ደረጃ የደረሰው፣ እንደ ዝሆንና እንደ ጐሽ ያለ አደገኛ አውሬ ለሚገጥመው ሰው ታስቦ ነው። ሁለቱ ጥይቶች በአንድ በተወሰነ ርቀት ላይ ተቀራርበው እንዲያርፉ ጠመንጃ ሠሪው እየተኰሰ፣ እያየ፣ አፎቹን እያቃና ያስማማቸዋል፤ ይህ አድካሚ የእጅ ሥራ ሲሆን የመሣሪያው ዋጋ የሚወደድበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። መነጽር ሲታከልበት ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። መነጽር የራቀውን ያቀርባል፤ ነገር ግን የሚታየውን ስፍራ ያጠባል። የሚሮጥ አውሬ ከጠበበው ስፍራ ወዲያው ስለሚወጣ፣ ለዚህ ሥራ ብዙ የማያጐላ መነጽር ይመረጣል፤ ተኳሹም ሁለቱንም ዐይኖቹን ገልጦ እንዲለማመድ ይመከራል።

እንግዲህ ረቂቁ ይህን መሣሪያ «ድርብ በርሜል ጠመንጃ» ይለዋል። ሁለቱም ቃላት አይስማሙም። «ድርብ» በአማርኛ አንዱ በሌላው ላይ የተደረበ ማለት ነው፤ የሚለበሰውም ድርብ፣ በጽሑፍ የምንጠቀምበት ድርብ ሰረዝም ይህንኑ ያሳያሉ። ጐን ለጐን የቆሙ ሁለት አፈሙዞች ግን ተጓዳኝ እንጂ ድርብ አይባሉም። «በርሜል» ደግሞ በአገራችን የታወቀ ሥራ ያለው ቃል ነው፤ ውሃና ላምባ ይጠራቀምበታል። እንግሊዝኛ ለዕቃውም ለጠመንጃው ክፍልም አንድ ቃል ስለሚጠቀም፣ ተርጓሚው በዚያ በኩል የገባውን በዚህ በኩል አውጥቶታል።

አማርኛ ለጠመንጃ ያበጀው ስያሜ ከዚህ ፍጹም የተለየ መሠረት አለው። በአማርኛ ጠመንጃ አፍ አለው፤ አፈሙዝ የሚለው ስም ራሱ በአፍ ይጀምራል። አፍ ያለው ስለ ሆነም ጥይት ይጐርሳል፤ ባለቤቱ ያጐርሰዋል፤ ሲተኰስም እሳት ይተፋል። አንዱ ቃል ሌላውን እየጠራ የመጣ ሙሉ ቤተ ሰብ ነው። «ባለ ሁለት አፍ» ያልን እንደ ሆነ፣ «አንዱ አፉ ጐርሷል፤ ሌላው አልጐረሰም» ማለት ያለ አስረጅ ይቻላል። «ድርብ በርሜል» ካልን ግን «አንደኛው በርሜል ተሞልቷል» ወደማለት እንገፋለን፤ ይህን የሰማ ሰው የሚያስበው ውሃ ነው።

(ስለ እሳቱ ካነሣን ዘንድ፦ «ተኰሰ» የሚለው ግሥ መጀመሪያ በጋለ ብረት መንካት ነው፤ ከብት ይተኰሳል፣ ቁስል ይተኰሳል፣ በኋላም ልብስ በካውያ ይተኰሳል። ባሩድ በክብሪት ገመድ እየተለኰሰ በሚፈነዳበት ዘመን ጠመንጃን መተኰስ የዚሁ ቃል ተራ ተግባር እንደ ነበረ እንገምታለን። «ነፍጥ»ም ቢሆን በዐረብኛ መጀመሪያ የሚነድ ዘይት፣ በኋላም ባሩድ የሚባለው ነው። የመሣሪያው ስም አብዛኛው ከውጭ ሲመጣ፣ የአሠራሩ ቃል ግን አብዛኛው ከቤት ወጥቷል። ሰናድር ከእንግሊዙ ስናይደር፣ ውጅግራ ከፈረንሳዩ ፊዚ ግራ፣ ቤልጅግ ከአገሩ ስም መጡ፤ ያጐረሳቸው፣ ያቀባበላቸውና የተኰሳቸው ግን የአገር ግሥ ነው። ተርጓሚ ልብ ሊለው የሚገባ የሥራ ክፍፍል ነው።)

ረቂቁን ይዘን ወደ ምዕራብ ጐጃም ሄድን፤ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢያቸው ባሉ ቀበሌዎች ጠመንጃ ይዘው ያደጉ ሰዎችን አነጋገርን። አገሩን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ቡሬ በ18ኛው ምእት ዓመት የዳሞቱ ገዥ የፋሲል መቀመጫ እንደ ነበረች፣ በ1933 ዓ.ም. አጋማሽም ከዖሜድላ የተነሣው የንጉሠ ነገሥቱና የጌዲዮን ጦር ወደ ደብረ ማርቆስ ሲገሠግሥ ጣሊያኖች የለቀቁት ምሽግ በዚያ እንደ ነበረ ይታወቃል። ጠመንጃ በዚያ አገር የቤት ዕቃ ያህል የቈየ ነው። ያም ሆኖ ዛሬ አደን ያለ ፈቃድ አይፈቀድም፤ የዱር እንስሳት አዋጅ ቍጥር 541/1999 እና የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177/2012 ነገሩን በሕግ ወስነውታል። ስለዚህ ሰዎቹ ስለ አደን ሲናገሩ የሚናገሩት በአብዛኛው ከአባቶቻቸው የሰሙትንና በልጅነታቸው ያዩትን ነው። ይህም ቃላቱን ፈጥኖ መመዝገብ የሚያስፈልግበት ምክንያት ነው፤ ተግባሩ ሲቀር ቃሉ ብዙ አይቈይም።

«ድርብ በርሜል ጠመንጃ» ብለን ስናነብ የተረዳን አልነበረም። «ባለ ሁለት አፍ» ስንል ግን መሣሪያውን በዐይናቸው ያላዩት እንኳ ያለ ማብራሪያ ገባቸው። ከዚህም በላይ ረቂቁ ሳይጠነቀቅ ያለፈውን አንድ ነገር እነሱ ጠቈሙን። መመሪያው ተኳሹ ከተኰሰ በኋላ ምን ማድረግ እንዳለበት ሲያዝ «የተሞላ» እና «ያልተሞላ» የሚሉ ሁለት ቃላት ብቻ ነው ያሉት። ለባለ አንድ አፉ ጠመንጃ ይህ ይበቃል። ቀለሁን አውጥቶ ሌላ ጥይት እስኪያቀባብል ድረስ ጠመንጃው አይተኵስምና። በባለ ሁለት አፉ ግን አንዱ ከተተኰሰ በኋላ ሁለተኛው እንደ ጐረሰ ነው፤ «ያልተሞላ» ተብሎ የተነገረለት መሣሪያ ሰው ሊገድል ይችላል። አንድ ሽማግሌ ይህን ስናስረዳቸው ራሳቸውን ነቅንቀው «አንዱ አፉ ጐርሶ ሳለ ባዶ ነው የሚል ሰው፣ ጠመንጃውን ልጅ ካለበት ቤት አያግባ» አሉን። ከረቂቁ ገጾች ሁሉ ለዚህ ሥራ ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ አንድ ዐረፍተ ነገር መስሎ ታይቶናል። «አንድ አፍ ጐርሷል» የሚለው አነጋገር መመሪያው ውስጥ መግባት ያለበት ለውበቱ ሳይሆን ለሕይወት ነው።

ከባልደረቦቻችን አንዱ «ጥምድ ጠመንጃ» ወይም «ጥማድ አፍ» የሚል ስያሜ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ የገበሬው ጥማድ በሬ ጐን ለጐን ቆሞ በአንድነት ስለሚሠራ ምሳሌው ያማረ ነው። ነገር ግን «ጠመደ» በተኵስ ቋንቋ ሌላ ሥራ ይዟል፤ መትረየስ ይጠመዳል፣ ወጥመድ ይጠመዳል፣ ሰውም በጠላትነት ይጠመዳል። ያማረ ምሳሌ ሁሉ ጥሩ ስያሜ አይሆንም። «ባለ ሁለት አፍ» ቢረዝምም ይሻላል።

አሁን ወደ ረቂቁ ከባድ ስሕተት እንመጣለን። የሚሮጥ አውሬ ላይ የሚተኵስ ሰው አውሬው ባለበት ላይ ቢተኵስ ጥይቱ ሲደርስ አውሬው ዐልፏል። ስለዚህ ከፊቱ ማነጣጠር ግድ ይሆናል። ምን ያህል ከፊቱ? ስሌቱ አስቸጋሪ አይደለም። አውሬው 60 ሜትር ርቆ በጐን ቢያልፍ፣ ጥይቱም በሰከንድ 600 ሜትር ቢጓዝ፣ እስኪደርስ ከሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ይፈጃል። በሰከንድ 10 ሜትር የሚሮጥ አውሬ በዚህ ጊዜ ውስጥ 1 ሜትር ይቀድማል፤ በአገራችን ልክ ሁለት ክንድ ያህል። በሰከንድ 5 ሜትር የሚሶመሶም ከሆነ አንድ ክንድ ይበቃል። ወደ ተኳሹ ወይም ከተኳሹ በቀጥታ የሚሮጥ ከሆነ ደግሞ መቅደም የለም። ልምምዱ ሁሉ ይህን ልክ ከሒሳብ ወደ ክንድና ወደ ትከሻ ማስገባት ነው።

እንግሊዝኛ ይህን ከፊት ማነጣጠር የሚጠራበት ቃል «መምራት» ማለትም ነው። ረቂቁም «ዒላማውን መምራት»፣ «ዒላማውን በበቂ ሁኔታ ይምሩ» እያለ ይቀጥላል። (ያው የእንግሊዝኛ ፊደል በሌላ ንባብ «እርሳስ» ማለት ነው፤ ጥይት ባለበት ጽሑፍ ውስጥ ተርጓሚው ወደዚያ አለመሄዱ ዕድሉ ነው።) በአማርኛ የሚመራ ሰው የሚመራውን ይዞ ወደ አንድ ቦታ የሚያደርስ ነው፤ መሪና ተመሪ ይተዋወቃሉ። በቡሬ አጠገብ ይህን ያነበብንላቸው አንድ ገበሬ ከሣቁ በኋላ «ከመራሁትማ ለምን እተኵስበታለሁ? በረት አስገባው የለም እንዴ!» ብለውናል። ሒሱን ከዚህ በተሻለ መጻፍ አንችልም።

እሳቸውና ሌሎቹ በምትኩ ምን አሉ? «ቀድመህ ያዘው»፣ «ፊቱን ያዝለት»፣ «መንገዱ ላይ ጠብቀው»። ሦስቱ አነጋገሮች ሲታዩ አንድ ነገር የሚሉ ይመስላሉ፤ በጥሞና ሲመረመሩ ግን የተለያዩ የተኵስ ስልቶችን ይለያሉ። የተኵስ መምህራን የሚሮጥ ዒላማ የመምታትን ጥበብ በሦስት መንገድ ያስተምራሉ። አንደኛው ጠመንጃውን ከአውሬው ኋላ አስነሥቶ፣ ከአውሬው ፈጥኖ አስኪዶ፣ ዐልፎት በሄደበት ቅጽበት መተኰስ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው አንሥቶ ከፊቱ ያለውን ልክ እንደ ጠበቁ አብሮ እየሄዱ መተኰስ ነው። ሦስተኛው በሚያልፍበት አንድ ነጥብ ላይ ጠመንጃውን አቁሞ መጠበቅ ነው። «ቀድመህ ያዘው» ለመጀመሪያው፣ «ፊቱን ያዝለት» ለሁለተኛው፣ «መንገዱ ላይ ጠብቀው» ለሦስተኛው የሚስማማ ነው። ተናጋሪዎቹ ሁልጊዜ እንዲህ አጥርተው ይለያሉ አንልም፤ ቋንቋው ግን መለያውን አቅርቦልናል፤ የሙያ ቃል አውጪው ሥራም የቀረበለትን መወሰን ነው። ለጠቅላላው ድርጊት «ቀድሞ መያዝ»፣ ለልኩ ደግሞ «የመቅደሚያ ርቀት» ብንል፣ ማንኛውም አንባቢ ይረዳዋል። «ፊት መስጠት» የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር፤ ፊት የተሰጠው ሰው ግን በአማርኛ የሚቀብጥ እንጂ የሚመታ ስላልሆነ ትተነዋል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። መነጽር ያለው ባለ ሁለት አፍ ጠመንጃ ጨርሶ ያልያዘ ሰው ይህን ያህል የተለየ አነጋገር ከየት አገኘው? መልሱ ከጠመንጃ በፊት ካለው ሕይወት ውስጥ ነው። በዚያ አገር የበቆሎ ማሳ ላይ ማማ ተሠርቶ፣ ልጆች ወንጭፍ ይዘው ከወፍና ከዝንጀሮ ሲጠብቁ ይውላሉ። ወንጭፍ የቆመ ነገር ላይ እምብዛም አይወረወርም፤ የሚሸሽ ነገር ላይ ነው። ከዚህ ከፍ ሲል ጉግስ አለ። በፈረስ ጉግስ አሳዳጁ ዘንጉን የሚወረውረው በሚጋልብ ሰው ላይ ሲሆን ራሱም ይጋልባል፤ ዒላማውም ወርዋሪውም በሩጫ ላይ ናቸው፤ ከዚህ የከበደ የሚሮጥ ዒላማ ልምምድ ምን አለ? በጐረቤቱ በአገው አዊ፣ በእንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚሰበሰቡትን ፈረሰኞች ያየ ሰው የጉግስ ቋንቋ ገና ሕያው መሆኑን ያውቃል። ተርጓሚያችን ከእነዚህ ቤቶች አንዱንም አላንኳኳም።

የወንጭፍ ቃል እንደማይናቅ ማስረጃ አለን። «ወነጨፈ» ከሚለው ግሥ የወጣው «ተወንጫፊ» ዛሬ አህጉር ለሚያቋርጠው መሣሪያ ስም ሆኖ በጋዜጣውም በራዲዮውም ገብቷል፤ የእረኛ ልጅ ቃል የሰማይ መሣሪያን ችሎ ተሸከመ። እንዲህ ያለ ዕድል ያጋጠመው ስያሜ ጥቂት ነው፤ ያጋጠመውም ግሡ በሕዝቡ ዘንድ ስለ ኖረ ነው።

በባለ ሁለት አፍ ጠመንጃ የሚንቀሳቀስ ነገር መምታት በዚህ አካባቢ አዲስ ዜና አለመሆኑም ሊነገር ይገባል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ግሽ ዓባይ ሲጓዝ በፋሲል ሰፈር ባረፈ ጊዜ፣ ፈረስ ላይ ሆኖ በባለ ሁለት አፍ ጠመንጃው ሁለት የሚበሩ ጭልፊቶችን ተራ በተራ መትቶ መጣሉን፣ ተመልካቹም መጮኹን እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ተርኳል። መሣሪያው ዛሬ ከምንነጋገርበት ዓይነት የተለየ ነው፤ የአገሩ ሰዎችም ሰውየውን ብዙ ነገር ሲናገር ስላላመኑት ትረካውን በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። ለእኛ ለመዝገበ ቃላት ሠራተኞች የሚቈጨን ግን ሌላ ነው፤ የተመልካቾቹ አነጋገር በአማርኛው ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ፣ «ባለ ሁለት አፍ» የሚለው ስያሜ ዕድሜው ምን ያህል እንደ ሆነ ዛሬ ባልተከራከርን ነበር።

ረቂቁ ለልምምዱ ዒላማ «ተንቀሳቃሽ ዒላማ» ይላል። ይህን ከስሕተት አንቈጥረውም፤ ግን ሰነፍ ስያሜ ነው። «ተንቀሳቃሽ» ዛሬ ያልገባበት የለም፤ ስልክ ተንቀሳቃሽ ነው፣ ምስል ተንቀሳቃሽ ነው፣ በሕግ ቋንቋም ንብረት የሚንቀሳቀስና የማይንቀሳቀስ ተብሎ ይከፈላል። በእነዚህ አብዛኞቹ ውስጥ ቃሉ ከቦታ ወደ ቦታ ሊወሰድ የሚችል ማለት ነው። ተሸክመን ከአንዱ ሜዳ ወደ ሌላው የምናዞረው ሰሌዳም እንግዲህ «ተንቀሳቃሽ ዒላማ» ነው፤ ግን አይሮጥም። የሚፈለገው በሐዲድ ወይም በገመድ እየተሳበ በተኳሹ ፊት የሚያልፈው ነው። በዓለም አቀፍ ውድድር ይህ የታወቀ ነው፤ በለንደን እ.ኤ.አ. በ1908 በተደረገው ኦሊምፒክ የአጋዘን ቅርጽ ያለው ዒላማ እየሮጠ በነጠላና በጥንድ ተኵስ ይመታ ነበር፤ የሚሮጥ ዒላማ ውድድር በሌላ መልኩ እስከ አቴና፣ እስከ እ.ኤ.አ. 2004 ድረስ በኦሊምፒክ ቈይቷል። ስለዚህ «ሯጭ ዒላማ» ብንል አጭር ነው፣ ግልጽ ነው፤ አጋዘኑንም ሰሌዳውንም ይይዛል። «ጥንድ»ን ደግሞ ለመሣሪያው ሳይሆን ለተኵሱ እናስቀረው፤ በባለ ሁለት አፍ ጠመንጃ ጥንድ ተኵስ መተኰስ፤ ሁለቱ አይጋጩም።

መነጽሩን በተመለከተ ረቂቁ «ቴሌስኮፕ» ይላል። የተማሪ ቤት ልጅ ቴሌስኮፕ ሲባል የሚያስበው ኮከብ የሚታይበትን ነው። «መነጽር» ግን ከግእዙ ነጸረ፣ አየ ተመለከተ ከሚለው የወጣ ሲሆን፣ በዐይን የሚደረገውንም በእጅ የሚያዘውንም ሲጠራ ኖሯል፤ «ባለ መነጽር ጠመንጃ» ከተባለ የሚስት የለም። ደግሞም የግእዝ ጸ በአማርኛ ጠ መሆኑ የተለመደ ነው፤ ጸብሐ ጠባ፣ ጸጕር ጠጕር እንደ ሆነ ሁሉ፣ «አነጣጠረ» የሚለውም ከዚሁ ከነጸረ ወገን ይመስለናል። እንደዚያ ከሆነ በመነጽር ማነጣጠር ማለት አንድ ሥር ሁለት ጊዜ መጥራት ነው፤ ከዚህ የተሻለ ጋብቻ ተርጓሚ ከየት ያገኛል?

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ የፊደል ጉዳይ አለ። ረቂቁ ዒላማን አንድ ጊዜ በዐይኑ «ዒ»፣ አንድ ጊዜ በአልፋው «ኢ» ይጽፈዋል። ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ የሚለው ክርክር ገና ያልተዘጋ ስለ ሆነ በዚህ ብቻ አንወቅሰውም። «አልሞ ተኳሽ» ሲል ግን ነገሩ ይከብዳል። ዒላማና ዓላማ ምልክትን ከሚያመለክተው የዐረብኛ ቃል የመጡ መንትዮች ናቸው፤ ዐለመም የዚሁ ቤት ነው። በአልፋው የተጻፈው አለመ ግን ሐለመ ከሚለው የመጣ፣ ሕልም ያየ ማለት ነው። በአልፋው «አልሞ ተኳሽ» ቢባል ቃል በቃል ሕልም አይቶ የሚተኵስ ይሆናል። አንባቢ ከዐውዱ ይረዳዋል ቢባል እውነት ነው፤ ቢሆንም ፊደሉ እስካለ ድረስ በከንቱ የምንጥልበት ምክንያት አይታየንም። «አዳኝ»ን ማንም ፊደል ሊያድነው አይችልም፤ የሚያድነውም የሚያድነውም፣ አውሬ ፈላጊውም ነፍስ አውጪውም፣ አንድ ዓይነት ይጻፋሉ። ረቂቁ ስለ ቈሰለ ሰው በሚናገርበት ምዕራፍ «አዳኙ» ሲል የትኛው እንደ ሆነ ለመለየት ሦስት ጊዜ ማንበብ አስፈልጎናል። እዚያ «ተኳሹ» ማለት ይበቃ ነበር።

ለዚህ ሁሉ ተርጓሚውን ብቻ መክሰስ ፍትሕ አይሆንም። ከፊቱ ያሉትን መጻሕፍት ገልጦ ይሆናል፤ የተሰማ ሀብተ ሚካኤልን የ1951 ዓ.ም.፣ የደስታ ተክለ ወልድን የ1962 ዓ.ም.፣ የጥናትና ምርምር ማዕከሉን የ1993 ዓ.ም. መዝገበ ቃላት። የመዝገበ ቃላት ሥራ በአገራችን የቃሉን ሥርና ፍች በመስጠት ጠንክሯል፤ አንድ ግሥ ከየትኛው ስም ጋር እንደሚውል በመስጠት ግን ገና ብዙ ይቀረዋል። «ያዘ» የሚለውን ግሥ የሚፈልግ ተርጓሚ መያዝን ያገኛል፤ በሚሮጥ አውሬ ላይ «ፊቱን ያዘለት» ማለት ምን እንደ ሆነ የሚነግረው ግን አያገኝም። «ጐረሰ»ን የሚፈልግ ምግቡን ቢያገኝ፣ ጠመንጃውንም በዚያው ሥር ሊያገኘው ይገባ ነበር። ከምዕራብ ጐጃም የሰበሰብነውን ጥቂት ቃል በዚሁ መንገድ፣ ግሡን ከነባለቤቱና ከነተሳቢው አድርገን በካርድ ላይ አስፍረናል፤ ከሌላ ክፍለ አገር ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ካሉ ልናስተያይ እንወዳለን፤ በተለይ ከቈላው ዓባይ ሸለቆ ወዲያና ወዲህ ያለው አነጋገር ይለያይ እንደ ሆነ ማየት ይጠቅማል።

አንድ ቃል ቀርቶናል። ረቂቁ በመጨረሻው ምዕራፍ አዳኙ ከሚወስደው ቀንድና ቆዳ ላይ ሲደርስ «ዋንጫ» ይላል፤ አንባቢው አውሬው ከሞተ በኋላ ዋንጫ የሚሰጠው የእግር ኳስ ማኅበር ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። «ግዳይ» እንዳንል፣ ይህ ቃል በፉከራና በሽለላ ከአውሬው ጋር ሰውንም የሚያጠቃልል ታሪክ አለው፤ በፈቃድና በኮታ ለሚካሄድ አደን አይስማማም። ስለዚህ በዚያ ቦታ በግልጥ «ቀንዱና ቆዳው» ብሎ መጻፍ ይበቃል። የሚያስገርመው ግን ተርጓሚው ሳያውቀው ወደ ቤቱ እጅግ ቀርቦ ነበር፤ ዋንጫ ኳስ ተጫዋች ከመሸለሙ በፊት ከቀንድ የሚሠራ መጠጫ ነበርና።